«መራ» ስለሚለው ግስ

ስለ ቃላት ፍች ጨዋታ በተነሣ ቍጥር «መራ ማለት ከፊት ቀደመ ማለት ነው» የሚለው ቃል በተማሪዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲነገር እንሰማለን። እኛ ግን ይህን ፍች አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም ከቃሉ ምንጭና ከዕለት ንግግራችን አውጥተን እናቀርባለን።

ግሱ በግእዝ «መርሐ» ነው፤ ትርጉሙም መንገድ አሳየ፣ ይዞ ወሰደ ማለት ነው። ዐማርኛ የጕረሮን ድምፆች በመጣሉ «በልዐ» በላ፣ «ሰምዐ» ሰማ፣ «ፈርሀ» ፈራ እንደ ሆነ ሁሉ «መርሐ»ም መራ ሆነ። ከግእዝ እንዳለ በወሰድናቸው በ«መርሕ»ና በ«መርሐ ግብር» ግን «ሐ» አለ፤ ትግርኛም «መራሒ» ሲል ድምፁን ጠብቆታል። ስለዚህ «መርህ» ብሎ በሃሌታው «ሀ» መጻፍ ሥሩን ያስረሳልና ብንተወው ይሻላል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ቍጥር 14 ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም እንደሚወድቁ የተነገረው፣ በግእዙ በዚሁ ግስ ነው። ፊተኛው ከፊት መሆኑ ምንም አልጠቀመውም፤ የጐደለው ማየት ነውና።

ተከራካሪዎቻችን «ነዳ» የሚለውን ያመጡብናል። እረኛ ከብቱን ከኋላ ይነዳል፣ መሪ ግን ከፊት ይሄዳል ይላሉ። ይህ ለከብት ያስኬዳል። ነገር ግን መኪና የሚነዳው ሰው ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ውስጡ ተቀምጦ ነው፤ ግሱም ያው «ነዳ» ነው። እንግዲህ ሁለቱን ግሶች የሚለያቸው የመቆሚያ ስፍራ አይደለም። የሚነዳው በሌላ ኀይል ይሄዳል፤ የሚመራው ግን መንገዱ ከታየው በኋላ በገዛ እግሩ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን የመሬትና የጽሕፈት ቤት አነጋገር ነው። አንድ ሰው የቤት መሥሪያ ቦታ «ተመራ» ሲባል፣ ሹሙ ቀድሞት ሄደ ማለት ሳይሆን ይህ ያንተ ነው ብሎ ቦታውን አሳየው ማለት ነው፤ «ምሪት» የሚለውም ስም ከዚህ ወጣ። ማመልከቻም «ለሚመለከተው ክፍል ተመራ» ይባላል። የክፍሉ ሹም ከወንበሩ አልተነሣም፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቃል ጽፎ ፈረመ እንጂ። (ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲመራ ባለጕዳዩ መንገድ እንደሚጠፋው ማንም ያውቀዋል።)

በማኅሌት መሪው ዜማውን ያነሣል፣ ተመሪው ይቀበላል፤ እዚህም መሪው የተከበረው ዜማውን በማወቁ ነው።

በእግር ኳስ ግን «ሁለት ለባዶ ይመራል» ሲባል እውነትም መቅደም ብቻ ነው። ተሸናፊው ቡድን መሪውን ሊያልፈው እንጂ ሊከተለው አይሮጥም፤ የሚታየውም መንገድ የለም። የተማሪዎቹ ፍች ልክ የሚሆነው በዚህ በኋለኛው አነጋገር ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰውም ይህን ከፍቾቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ቢያኖረው እንወዳለን።