«አያፈስም» በቂ መልስ አይደለም

የመኪና ነዳጅ መስመር ተቀይሮ ሲያልቅ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያፈሳል ወይስ አያፈስም?» መካኒኩ ሞተሩን ያስነሳል፣ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጠብታ ካልታየ ሒሳብ ተከፍሎ መለያየት ነው። እኔ በዚህ መለኪያ አልስማማም። በግዴለሽነት የተሠራ መስመርም በመጀመሪያው ቀን ላያፈስ ይችላል። አዲስ የጎማ ቱቦ ገና ለስላሳ ስለሆነ በደንብ ባይታሰርም ለጊዜው ይይዛል። ጉዱ የሚወጣው ቱቦው በሞተሩ ሙቀት ሲደርቅ፣ በኮብልስቶን መንገድ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ሲላላ፣ ከብረት ጋር ሲታከክ ኖሮ ሲሳሳ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለ ሞተር ላይ ነው።

ደግነቱ፣ ወደፊት የሚሆነውን ዛሬ ማንበብ ይቻላል። ጥሩ ሥራ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ምልክት አለው። ይህን ምልክት ማወቅ ከመቼውም ይልቅ አሁን ያስፈልገናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ሞተራቸው ቢጠነክርም ቱቦዎቻቸው ያረጃሉ፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በየግቢያችን ነው።

የመጀመሪያው ሚዛን፦ ግፊቱን ማወቅ

የነዳጅ መስመር «ከፍተኛ ግፊት» አለው ሲባል ሁሉም እኩል አይደለም። በካርቡራቶር የሚሠራ አሮጌ መኪና መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። በከተማችን በአዲስ አበባ በብዛት የምናያቸው ቪትዝና ኮሮላን የመሳሰሉ፣ በኢንጀክተር የሚሠሩ የቤንዚን መኪኖች ወደ 3 ባር ገደማ ይሠራሉ። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ከሞተሩ ፓምፕ ወዲያ ያለው ቱቦ ከ50 እስከ 200 ባር ይሸከማል፤ በቅርብ ዓመታት የወጡት 350 ባር ይደርሳሉ። ኮመን ሬይል የሚባለው የናፍጣ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ሲወጣ 1350 ባር ነበር፤ ዛሬ እስከ 2500 ባር የሚሄድ አለ።

እነዚህ ቁጥሮች የትኛው ሥራ ግቢ ውስጥ እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ይለያሉ። የ3 ባሩን መስመር ጥንቁቅ ሰው በቤቱ ሊቀይረው ይችላል። ኮመን ሬይል ያለው፣ ዲ-ፎር-ዲ የተጻፈበት ቶዮታ ላይ ከፓምፑ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደውን የብረት ቱቦ ግን ግቢ ውስጥ መፍታት አይገባም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ በሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ስለሆነ፣ ከነፋስ ጋር የገባ አቧራ ኢንጀክተሩን ያበላሻል። ቱቦውም ከተፈታ ተመልሶ መታሰር የሌለበት፣ በአዲስ መተካት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አምራቾች እንዲህ ያዝዛሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግፊቱ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በዚህ ግፊት ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ በመርፌ የተወጋ ያህል ትንሽ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ላያምም ይችላል፤ ከውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል። እንዲህ የተወጋ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ የባለሙያ የመጀመሪያው ምልክት እምቢ ማለቱ ነው። «ይሄ እዚህ አይሠራም፣ መሣሪያው ያለበት ጋራዥ እንውሰደው» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ሥራውን ከማየትዎ በፊት ሊያምኑት ይችላሉ።

ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት

ጥሩ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ቁልፍ በማንሳት አይደለም። በመጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ከዚያ ግፊቱን ያወርዳል። በኢንጀክተር የሚሠራ መኪና ሞተሩ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም መስመሩ ውስጥ ግፊት ይዞ ይቆያል፤ ተመልሶ ቶሎ እንዲነሣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ይነቅላል፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ለማስነሳት ይሞክራል። ከዚያ የነዳጅ ጋኑን ክዳን ይከፍታል፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቅቃል። መጋጠሚያውንም ሲፈታ ጨርቅ ጠቅልሎበት ነው፤ የቀረች ትንሽ ግፊት ብትኖር ዓይኑ ውስጥ እንዳትረጭ።

ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ለመቀጣጠልም ሙቀት አይሻም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚነድ ተን ይሰጣል። በግቢያችን ደግሞ እሳት አይጠፋም፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ዕጣን የሚጨስበት ማጨሻ፣ ጓሮ የተጣደ ምጣድ አለ። ጥሩ ሠሪ እነዚህን ሁሉ ጠይቆ ያስጠፋል፤ በተዘጋ ጋራዥ ወይም በጉድጓድ ላይ የቤንዚን መስመር አይፈታም። ለብርሃን የሚጠቀመው በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት እንጂ ሽቦው የሚጎተት አምፖል አይደለም፤ አምፖል ወድቆ ቢሰበር የጋለው ክር ብቻውን ይበቃል። የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ እጁ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ያኖራል። በባልዲ ውኃ የሚተማመን ግን አልገባውም፤ ውኃ የሚነድ ቤንዚንን ይዞት ይሄዳል።

አንድ ልማድ ካዩ ሥራውን ወዲያው ያስቁሙ፤ ቤንዚንን በቱቦ በአፍ መሳብ። ነዳጅ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ጎበዝ መካኒክ በእጅ መሳቢያ ቀድቶ ክዳን ባለው ዕቃ ይይዘዋል፤ በሳፋ ክፍት አይተወውም።

ቱቦው ላይ የተጻፈው

ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የመጣ ጥቁር ቱቦ ሁሉ ለዓይን አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ጽሑፉ ላይ ነው። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) ደረጃ የሆነው «ጄ30 አር7» ለካርቡራቶርና ለዝቅተኛ ግፊት የተዘጋጀ ነው፤ የሚችለው 3.4 ባር ያህል ነው። «ጄ30 አር9» ደግሞ ለኢንጀክተር ተብሎ የተሠራ ሲሆን ወደ 7 ባር ይሸከማል፤ ውስጡም ብዙውን ጊዜ ነዳጅ በማያሳልፍ የፍሎሪን ጎማ የተሸፈነ ነው። 3 ባር በሚሠራ መስመር ላይ አር7 የሚያስር ሰው ለአደጋ የሚተርፍ አቅም አላስቀመጠም። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቱቦ፣ የራዲያተር ወይም የአየር ቱቦ ደግሞ ጨርሶ ለድርድር አይቀርብም።

የውስጥ ሽፋኑ ጉዳይ ከግፊቱ አያንስም። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ተራ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፣ ከውስጥ እየላጠ ቅርፊቱን ወደ ኢንጀክተር ይልካል። አዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ቀድታለች። በአሜሪካ መኪናቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ ወገኖቻችን ደግሞ በየቀኑ የሚቀዱት አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ስለዚህ ለእነርሱ ትክክለኛው ቱቦ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ጥሩ ሠሪ የወጣውን አሮጌ ቱቦ ያሳይዎታል፤ ባያሳይም ይጠይቁት። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ቱቦውን የሚያስረው ፋሸታ የነበረበት ቦታ ከተበላ፣ አፉ ውስጥ ቅርፊት ከታየ፣ በዚያው ዕድሜ ያሉት ሌሎቹ ቱቦዎችም ወረፋቸው ደርሷል ማለት ነው። የተበሳችውን ስንዝር ብቻ ቆርጦ አውጥቶ በመሐል በመጋጠሚያ የቀጠለ ሰው አንድ ቀዳዳ ደፍኖ ሁለት አዲስ የመፍሰሻ ቦታ ፈጥሯል። መገጣጠሚያው ያነሰ መስመር ይበልጣል።

ፋሸታውና ጫፉ

ሥራውን በአንድ እይታ መመዘን ካለብኝ የማየው ፋሸታውን ነው። ዙሪያውን ጥርስ የተቀደደለት ተራ ፋሸታ ሲጠብቅ ጎማው በቀዳዳዎቹ ይወጣና ይቆረጣል። ለኢንጀክተር መስመር የሚሆነው ፋሸታ ቀበቶው ድፍን፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የተቀለበሰ፣ በብሎንና በዳዶ የሚጠብቅ ነው። ቱቦውን ዙሪያውን እኩል ይጨብጠዋል፤ አይቆርጠውም።

ቦታውም ይታያል። ቱቦው የሚገባበት ብረት ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት ሊኖረው ይገባል፤ ቱቦውን ከመንሸራተት የሚያግደው እሱ ነው። ቱቦው ያንን አልፎ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት፣ ፋሸታው ደግሞ ከእብጠቱ በስተኋላ መቀመጥ አለበት። ፋሸታው እብጠቱ ራሱ ላይ ወይም በቱቦው አፍ ጠርዝ ላይ ከታሰረ ሥራው ጊዜያዊ ነው። በመጋዝ ተቆርጦ እብጠት የሌለው ልሙጥ ብረት ላይ የታሰረ ቱቦ ደግሞ፣ ፋሸታው የቱን ያህል ቢጠብቅ፣ አንድ ቀን ይወልቃል።

የቱቦውን ጫፍ አቆራረጥ ይመልከቱ። በስለት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ንጹሕ ይሆናል፤ በመጋዝ ወይም በፒንሳ የተጎመደው ክሩ ይበታተናል፣ ብናኙም ውስጥ ይቀራል።

ብረት፣ ፕላስቲክና መዳብ

የብረት ቱቦ የዛገ እንደሆነ በብረት ይተካል። መዳብ ለማጠፍ ስለሚቀል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ነገር ግን በንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል። በሚታጠፍበት ቦታ ክብነቱን ያልጠበቀ፣ የተጨፈለቀ ቱቦ ነዳጁን ያንቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል። በአንድ ቁልፍ የሚታገል ሰው ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። ጥሩ ሠሪ ዳዶውን መጀመሪያ በጣቱ ያስገባዋል፤ በመጨረሻም የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ፣ አምራቹ በሚያዘው ልክ ያጠብቀዋል።

መጋጠሚያ ላይ ነጭ የቴፍሎን ፕላስተር ወይም ሲሊኮን ካዩ ይጠርጥሩ። ብረት ከብረት ጋር የሚገጥምበት ጫፍ ፕላስተር አይፈልግም፤ ፕላስተሩ ተቦጫጭቆ ኢንጀክተሩን ይደፍናል። ሲሊኮንም ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። የማያፈስ እንዲሆን የሚያደርገው ንጹሕ ገጽታና አዲስ ራንዴላ ነው። ከመዳብ ወይም ከአልሙኒየም የተሠራችው ራንዴላ አንዴ ተጨፍልቃ ሥራዋን ጨርሳለች፤ አሮጌዋን መልሶ ማሰር ለጥቂት ብር ሲባል መኪናን ማስያዝ ነው።

ከፋብሪካ በናይሎን የተሠራ መስመር ላይ ያለው ፈጣን መጋጠሚያ ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ባለሙያው ድምፁን ሰምቶ አይተወውም፤ መልሶ ይጎትተዋል። የናይሎኑን ቱቦ ቆርጦ በጎማና በፋሸታ መቀጠል ግን ናይሎኑ ስለሚያሟልጭ አይይዝም።

አካሄዱ

ቱቦው ከየት ወደየት እንደሚሄድ በጣት ይከተሉት። ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት፤ ከቀበቶና ከሚሽከረከር ነገር መራቅ አለበት፤ ስለታም የብረት ጠርዝ መንካት የለበትም። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ስለሚወዛወዝ፣ በሞተሩና በመኪናው አካል መካከል ያለው ቱቦ ትንሽ ልቅ መሆን ይገባዋል፤ የተወጠረ ከሆነ ጫፉ ላይ ይለቃል። ፋብሪካው ያስቀመጣቸው መያዣዎች ሁሉ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ይቁጠሩ። ሥራ አልቆ ሳጥን ውስጥ «የተረፈ» መያዣ ካለ፣ ያ ቱቦ ያለ ድጋፍ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ የብረት ቱቦ በብዛት የሚሰነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻው

ጥሩ ሠሪ ወዲያው ሞተር አያስነሳም። የፈሰሰውን ጠርጎ ያደርቃል፣ የረጠበውን ጨርቅ ከቦታው ያርቃል፣ ባትሪውን ያገናኛል፣ ከዚያ ቁልፉን ከፍቶ ፓምፑ ጥቂት ሴኮንድ እንዲሠራ ያደርግና ይዘጋል። ይህን ደጋግሞ መስመሩ ግፊት ሲይዝ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በብርሃንና በደረቅ ወረቀት ያያል። ወረቀቱ ከዓይን ይልቅ እርጥበትን ቶሎ ያሳያል፤ እጅንም ከነዳጅ ያርቃል። ከዚያ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ቀጥሎም በከፍተኛ ዙር እያሠራ ያያል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ያያል፤ ጎማና ብረት በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ቀድሞ ያልታየ ላብ ያኔ ይታያል። በማግሥቱ ጠዋት ኮፈኑን ሲከፍቱ የቤንዚን ሽታ ከተሰማዎት፣ ጠብታ ባይኖርም ሥራው አላለቀም።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፤ ግፊቱን እንዴት አወረድከው? ቱቦው ላይ ምን ተጽፏል? አሮጌው የት አለ? ነገ ተመልሰህ ታየዋለህ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ እንዲያውም መብራቱን ይዞ ያሳይዎታል። እንዲህ ላለው ሰው ከሌላው አስበልጦ መክፈል ተገቢ ነው፤ የከፈሉት በዚያ መኪና ለሚሳፈሩ ልጆችዎ ደኅንነት ነውና።