የኮሪያ ሜዳሊያ ጀርባ

በአዲስ አበባ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በአንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ የኮሪያ ዘማች ሜዳሊያ ካዩ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ጀርባውን ይመልከቱ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነሐስ ነው፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ። ለተዋጊዎቹ አገሮች በተለያዩ ቋንቋዎች ሲቀረጽ አማርኛም አልቀረም፤ ጀርባው የድርጅቱን ቻርተር መርሆች ለመከላከል የተሰጠውን አገልግሎት በገዛ ፊደላችን ይመሰክራል። እኔ ከዚህ የሚያምር የውጭ ሜዳሊያ አላውቅም።

ጎበዝ ሰብሳቢ ሜዳሊያውን ከባለቤቱ አይነጥልም። ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሻግሮ፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጋ። ተከታዮቹ ሻለቆችም በየተራ ተኩት። ዘማቹ በየትኛው ዙር እንደሄደ ለማወቅ የስንብት ወረቀት፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ የጓዶች ምስክርነት ይመሳከራል። ይህን ትዕግሥት ከልቤ አደንቃለሁ፤ ወረቀቱና ፎቶግራፉም ከሜዳሊያው ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጡ።