የጋርዴ አንበሳና የካፋ ደን

ስለ አንድ የፓሪስ ቀራጺ በካፋዋ ቦንጋ ሆኖ መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ስለ ዦርዥ ጋርዴ ማሰብ የጀመርኩት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በካፋ ባዮስፌር ደን ውስጥ አንበሳ በፎቶግራፍ ሲገኝ፣ በአዲስ አበባ ለገሃር ያለው የእሱ የነሐስ አንበሳ ትዝ አለኝ። በሐውልት የምናውቀውን አውሬ ስንቶቻችን በአካል አይተነዋል?

ጋርዴ እ.ኤ.አ. በ1863 ፓሪስ ውስጥ ከቀራጺ አባት ተወለደ። ከመምህራኑ አንዱ ኢማኑኤል ፍሬሚዬ ነበር። ፍሬሚዬ በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የእንስሳት ሥዕል ያስተማረ ሰው ነው። በዚያ ወግ ቀራጺ አውሬውን አጥንትና ጡንቻው እስኪገባው ድረስ ያያል። የጋርዴ ጥንካሬም ይኸው ነው። ለካናዳዋ ማኒቶባ የምክር ቤት ሕንጻ የሠራቸው ጎሾች በዝምታቸው ይከብዳሉ። በዚያው ሕንጻ ጉልላት ላይ የቆመው «ወርቃማው ልጅ»ም የእሱ ነው።

የይሁዳ አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ። እንደ እኔ ፍርድ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። አካሉ የጋርዴ ነው፤ ዘውዱና መስቀሉ ደግሞ የቤተ መንግሥት ናቸው። ጡንቻ ያለው አውሬ በአርማ ተጭኗል፣ ሁለቱ ግን አልተዋሃዱም። ከ25 ዓመት በኋላ ሞሪስ ካልካ የሠራው የብሔራዊ ቲያትር አንበሳ ከአውሬው ርቆ ወደ ቅርጽ በመሄዱ አንድ ወጥ ሆኗል። እንደ ቅርጽ ከተፈረደ ካልካ ይበልጣል።

ታሪክ ግን ለጋርዴ ሐውልት ካልካ ያላገኘውን ሰጠው። ፋሺስቶች ዘርፈው ሮም ወሰዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ለሞቱት ጣሊያኖች መታሰቢያ አጠገብም አቆሙት። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በፊቱ ተንበርክኮ መጸለዩና ጎራዴ መዝዞ መነሣቱ እስከ ዛሬ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሚያየው ሰው የፍሬሚዬን ተማሪ አያስብም፤ ዘርዓይን ያስባል።

ካፋም እንዲህ ሄዶ የተመለሰ ዕቃ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ በኋላ የካፋ ዘውድ ከምኒልክ አማካሪ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ስዊዘርላንድ ደርሶ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የሄደና የተመለሰ ዕቃ ከሠሪው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ይሆናል፤ ሃያሲ ቅርጹን ብቻ አይቶ ከፈረደበት ግማሹን ብቻ አየ።

ሆኖም አንድ ነገር ያሳዝነኛል። በአዲስ አበባ የቆሙትን እነዚህን ሁለት ታላላቅ አንበሶች የውጭ ሰዎች እጆች ሠሯቸው፤ የካፋ ደን አንበሳ ግን እስካሁን ቀራጺ አላገኘም። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ዘውዱን ከራሱ ላይ አውርዳችሁ አንበሳውን በጭጋግና በቡና ዛፍ መካከል እንዳለ ለማየት ወደ ቦንጋ ኑ።