ሳይገፋ የገባ ቱቦ

በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ሲታይ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው መብራቱና የውሃው ቀለም ላይ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የማየው ቱቦው ፊቲንጉ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ነው። ፊቲንግ ቱቦውን ከራዲያተሩ፣ ከፓምፑ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ከሚያርፈው የመዳብ ብሎክ ጋር የሚያገናኝ አጭር የብረት አንገት ነው። ቱቦው በዚህ አንገት መሀል ቀጥ ብሎ ከገባ፣ ዙሪያውን ያለው ክፍተትም በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ ሠሪው ልኩን አግኝቷል። ትንሽ እንኳ ወደ ጎን ካዘነበለ ሠሪው የሳተውን ልክ በጉልበት አሸንፎታል። መፈተኑ ቀላል ነው፤ ውሃውን አፍስሶ የማጥበቂያውን ቀለበት ማላላት ይበቃል። ተገፍቶ የገባ ቱቦ ቀለበቱ እንደላላ ዘሎ ከቦታው ይሸሻል። በልኩ የተሠራው ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ሙያ ያማረ ሥራና የማያፈስ ሥራ አንድ ናቸው። ውሃውን የሚይዘው አንገቱ ውስጥ የተቀመጠው ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉ ነው። የተወጠረ ቱቦ ኦሪንጉን በአንድ በኩል ይደፈጥጠዋል፣ በሌላው በኩል ይለቀዋል። ኮምፒውተሩ ሲሠራ ቱቦው ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይበርዳል፤ በሞቀና በበረደ ቁጥር ጥቂት ይረዝማል፣ ጥቂት ያጥራል። አንድ ቀን በተለቀቀው በኩል ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጠብታውም ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከሁሉ ውድ በሆነው ዕቃ፣ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ሳይ ደስ የሚለኝ ለዓይን ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ውጥረት እንደሌለ በግልጽ የሚያሳየኝ እሱ ነው።

ውሃ ለምን ተመረጠ? አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው በ3,500 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህም በባሕር ጠረፍ አየር ሲለካ ነው። ከተማችን ጫግኒ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ አየሩ በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው እንጅባራ ደግሞ መሳሳቱ ከአምስት አንድ እጅ ያልፋል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በክንፎቹ መሀል የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የእንጅባራ ብርድ ይህን ያካክሳል፤ የጫግኒ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ግን ያባብሰዋል። ውሃን ከፍታው አያሳሳውም። ቢሆንም ሙቀቱ በመጨረሻ ከራዲያተሩ ወጥቶ የሚራገፈው ወደዚሁ የሳሳ አየር ነውና እዚህ አገር የሚገጥም ሰው ውጭ የተሠራን ናሙና እንዳለ መቅዳት የለበትም። እዚያ 240 ሚሊሜትር ራዲያተር የበቃለት ማሽን እዚህ 360 ቢገባለት ማራገቢያዎቹ ሳይጮኹ ይሠራሉ። ራዲያተሩን ከፍ አድርጎ የመረጠ ሠሪ ያለበትን ምድር አስቦ ሠርቷል።

በጫግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የሕዳሴ ግድብ ነው። በግዙፍ የውሃ ኃይል ጀነሬተሮች ውስጥ የተለመደው የማቀዝቀዣ ዘዴ የዚሁ የኮምፒውተሩ ግልባጭ ነው። በጀነሬተሩ ውስጥ የሚዞረው አየር ሙቀቱን ተሸክሞ ይመጣና ውሃ በሚያልፍባቸው ራዲያተሮች ላይ ያራግፈዋል። በኮምፒውተሩ ግን ውሃው ያመጣል፣ አየሩ ይቀበላል።

ጀማሪዎችን በጣም የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ውሃው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይግባ ወይስ መሀል ላይ በራዲያተር ይለፍ? ሂሳቡ ጭንቀቱን ያቃልለዋል። እስከ 450 ዋት የሚበላው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ካርድ በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ ቢያልፍበት፣ ውሃው በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ያለው የሙቀት ልዩነት 2 ዲግሪ አይሞላም። ውሃው ሳያቋርጥ ስለሚዞር በሁሉም ቱቦዎች ውስጥ ያለው ሙቀት ተቀራራቢ ይሆናል። ፓምፑ ሁልጊዜ ውሃ እንዲያገኝ ከማጠራቀሚያው በታች ይቀመጥ እንጂ የቀረው ቅደም ተከተል ለሠሪው የተተወ ነው። የትኛው መንገድ አጭር ነው? የትኛው ቱቦ ከየትኛው ጎን ለጎን ይሄዳል? ጎበዝ ሠሪ ይህን ነፃነት ይጠቀምበታል፤ ሦስት ቱቦዎች በእኩል ርቀት ጎን ለጎን ወርደው በአንድ ከፍታ ላይ ሲታጠፉ ያየ ሰው ነገሩ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ይገባዋል።

እጥፋቱ ዋናው የሙያው ፈተና ነው። ጫግኒና እንጅባራ ባሉበት አዊ ውስጥ በሙቀት ማጉበጥ የቆየ ጥበብ ነው፤ በእንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጡት ወንበሮችና ጠረጴዛዎች የሚሠሩት ውስጡ ባዶ ከሆነው የደጋ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ በእሳት ሲሞቅ ይለዝባል፣ በለዘበበት ይጎብጣል፣ ሲበርድ በጎበጠበት ይጸናል። ባዶ ሆድ ያለው ነገር ግን ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎኑ መጨማደድና መሰርጎድ ይወዳል። ፒኢቲጂ የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ጠባዩ ልክ እንደ ደጋ ቀርከሃ ነው። ስለዚህ ሠሪው ከማሞቁ በፊት ልኩ ከቱቦው ሆድ ጋር የሚስማማ የሲሊኮን ገመድ በሳሙና ውሃ እያሟለጨ ይከትበታል። ገመዱ ግድግዳው እንዳይሰረጉድ ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል።

ከዚያ ማሞቅ ነው። ፒኢቲጂ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ አክሪሊክ ደግሞ 105 ገደማ ላይ መለዘብ ይጀምራል። ሠሪው ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ ፊት ቱቦውን በጣቶቹ መሀል ሳያቋርጥ ያሽከረክረዋል፤ የሚያሞቀው አንድ ነጥብ ሳይሆን እጥፋቱ የሚወስደውን ርዝመት በሙሉ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከቆመበት እዚያው ትንንሽ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ያ ቱቦ ወደ ጥራጊ ይሄዳል። በቂ ሙቀት ሲያገኝ በእጅ ይታወቃል፤ ሁለቱ ጫፎች በራሳቸው ክብደት ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። ያኔ የማጠፊያ ፎርማው ላይ አስተኝቶ ሳይጎትት፣ ሳይጫን ያጥፈውና እስኪበርድ ድረስ ይዞት ይቆማል። ቶሎ የለቀቀው እንደሆነ 90 ዲግሪው ይከፈትና 93 ወይም 94 ይሆናል። በዓይን ብዙም አያስታውቅም፤ ሌላኛው ጫፍ ፊቲንጉ ጋ ሲደርስ ግን ያቺ ጥቂት ዲግሪ አድጋ የጣት ውፍረት ታክላለች።

አንድ ቱቦ ላይ ሁለት እጥፋት ሲኖር፣ ሁለተኛውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሆን ሥራው ይከብዳል። ልምድ ያለው ሠሪ የመጀመሪያውን እጥፋት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሁለተኛው በትክክል ቀጥ ብሎ እንዲነሣ በማዕዘን መለኪያ ያየዋል። ደግሞም ከመቁረጥ አይጀምርም። አስረዝሞ ያጥፋል፤ እጥፋቱ ልክ ሲሆን ጫፎቹን በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። አጭር የተቆረጠ ቱቦ መድኃኒት የለውም።

ተቆርጦም አያበቃም። የመጋዝ ስለት የተወው ጠርዝ ኦሪንጉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፤ ጉዳቱም አንገቱ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ስለዚህ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ከውጭም ከውስጥም ዙሪያውን ይሞረዳል፣ ብናኙ ይታጠባል፣ ከዚያ በውሃ ረጥቦ በቀስታ ይገባል። ለእኔ የሠሪው ጠባይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ማንም የማያየውን ጠርዝ አለስልሶታል ወይስ አላለሰለሰውም? የቤት ቧንቧ የለመደ ባለሙያ በፊቲንጉ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ይቀናዋል። እዚህ ቴፍሎን አያስፈልግም። ጥርሱ የሚይዘው ፊቲንጉን ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚዘጋው ኦሪንጉ ስለሆነ በእጅ ጠበቅ አድርጎ ጥቂት መጨመር ይበቃል።

ሠሪው ገዝቶ የሚያስገባቸው ዕቃዎችም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። የብሎኩን ክዳን ለከፈተ ሰው ከአንድ ድፍን መዳብ ተልጠው የቆሙ፣ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ክንፎች ይታያሉ። ዲ5 የሚባለው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው አካሉ ዘንግ የለውም፤ በአንዲት የሴራሚክ ኳስ ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል፣ የሚያለሰልሰውም የሚገፋው ውሃ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ያለ ውሃ ማስነሳት የሚያበላሸው።

መንገዱን የከፈቱት ትልልቆቹ ማሽኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ በሆነው አይቢኤም 3081 ውስጥ እያንዳንዱ ሞጁል ከመቶ በላይ ቺፖች ይዞ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቺፕ ጀርባ ላይ በስፕሪንግ የምትገፋ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ፒስተን ታርፋለች፣ ክፍተቱን ሂሊየም ይሞላዋል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ ሰርኪዩቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። በቤታቸው የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጠቀሙት ከአሮጌ መኪና የተፈታ የካቢን ማሞቂያ ራዲያተር፣ የዓሣ ገንዳ ፓምፕና በእጃቸው የሰረሰሩት የመዳብ ቁራጭ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን፣ በየከተማው ራዲያተር የሚጠግኑትን ጋራዦች ለሚያውቅ ሰው ይህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለም። ሆኖም ከመኪና ዕቃ የሚጀምር ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ የዛሬ መኪና ራዲያተሮች አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ብሎኩ መዳብ ነው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል።

ውሃውም የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ መሆን የለበትም፤ ካልሲየሙ በእነዚያ ቀጫጭን ክንፎች መሀል ይጋገራል። የተጣራ ውሃ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ በባትሪ ውሃ ስም ይገኛል። የባትሪውን አሲድና ውሃውን ለይቶ መግዛት ግድ ነው። በላዩ ላይ ዝገትና አልጌ የሚከላከል መድኃኒት ይጨመራል። እኔ ቀለም ያልገባበትን እመርጣለሁ። ወተት የሚመስሉት ባለቀለም ፈሳሾች ዝቃጭ ይተዋሉ፣ የእጥፋትንም ጉድለት ይሸፍናሉ። ጥሩ ሠሪ የሚሸፍነው የለውም።

ውሃ ከመሞላቱ በፊት ቱቦዎቹ በአየር ይፈተናሉ፤ በእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ያህል ተነፍቶ የመለኪያው ቀስት እንዳይወርድ ይጠበቃል። ከዚያ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፓምፑ ብቻ ይነሣል፤ በየፊቲንጉ ሥር ነጭ ሶፍት ይነጠፋል። ሶፍቱ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወርድ ያሳያል። ኬዙን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ እያዘነበሉ በራዲያተሩ ጥግ የተደበቀውን አየር ማስወጣትም አለ። ይህ ሁሉ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ከዚያም በላይ። መፍሰስ ምን እንደሚያመጣ ትልልቆቹም ያውቁታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 አውጥቶ ነበር፤ ከእነዚያ ማሽኖች የተወሰኑት ከጊዜ በኋላ አፍስሰው ውስጣቸው ተበላሽቷል። ፋብሪካ አምርቶ ያሸገው ዕቃ እንዲህ ከሆነ በእጅ የተሠራው ሌሊቱን ቢጠብቅ አይበዛበትም።

ከሁሉም በኋላ ከኬዙ በታች፣ የውሃው መንገድ ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ ማፍሰሻ ቧንቧ መኖሩን አያለሁ። ለፎቶ የሚሠሩ ሰዎች ይረሱታል፤ መስመራቸውን ያበላሽባቸዋል ወይም ሁለት ፊቲንግ ያስጨምራቸዋል። ውሃው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት፣ ብሎኩም ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ማፍሰሻ የሌለው ማሽን ይህን የሚያደርገው ቱቦ በመንቀልና ውሃውን በካርዱ ላይ በማንጠባጠብ ነው። ማፍሰሻ ያለው ላይ ዕቃ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ከላይ ያለው ክዳን አየር እንዲገባ ይላላል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውሃው ወርዶ ያልቃል፣ ካርዱም ሳይረጥብ ይነቀላል።