ሊቁና ማይክሮፎኑ፦ የጁሊያን ሃክስሊ አገልግሎት ሲመዘን

ሰው በሙያው ሲመሰገን ከሙያው ውጭ የሚናገረውንም እንደ ሙያው ቃል አድርገን እንቀበላለን። እንግሊዛዊው የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ (1887–1975) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አስቀድመን የሚገባውን ክብር እንስጠው። እ.ኤ.አ. በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ የዳርዊንን የተፈጥሮ ምርጫ ከሜንዴል የዘር ውርስ ጥናት ጋር አስማምቶ አቀረበ። በ1935 ከሌላ ምሁር ጋር በጻፈው መጽሐፍ የናዚዎችን የዘር ትምህርት ተቃወመ። የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1963 የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ጥበቃ ለማጥናት ከመጡት ባለሙያዎችም አንዱ ነበር። ከ1941 ጀምሮ በቢቢሲ ሬዲዮ ከባልደረቦቹ ጋር የአድማጮችን ጥያቄ ያለ ዝግጅት ይመልስ ስለ ነበር ድምፁ በየቤቱ ታወቀ።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። አድማጩ ስለ ወፎች ሲጠይቅም ስለ ሕይወት ትርጉም ሲጠይቅም የሚመልስለት ያው የታመነ ድምፅ ነበር። ሃክስሊ ገና በ1927 መገለጥ የሌለበት ሃይማኖት ያስፈልጋል ብሎ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ይህ እምነት ከምርምሩ የተገኘ ውጤት ነውን? አይደለም። በዚያው የሳይንስ ዘርፍ ግንባር ቀደም የነበረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ በፈጣሪ ያምን ነበር። ማስረጃው አንድ ሆኖ እምነቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱ የመጣው ከማስረጃው ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ሃክስሊ የሰውን ዘር በምርጫ ለማሻሻል የሚሻውን ዩጀኒክስን ደግፏል፤ ከ1959 እስከ 1962 የብሪታንያን የዩጀኒክስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ይህም የናዚዎች ግፍ ከታየ በኋላ ነው። ሥነ ሕይወት ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዳል፤ የትኛው ሰው እንደሚበልጥ የሚለካ ሚዛን ግን በማይክሮስኮፕ አይታይም። ዘፍጥረት 1፥27 የሰውን ክብር ከችሎታው ሳይሆን ከፈጣሪው መልክ ያገኘዋል። ስለዚህ በአእምሮው የደከመው ሕፃን ክብሩን ለማግኘት ፈተና ማለፍ አያስፈልገውም።

ሆኖም እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። በዚያ ዘመን የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዲን ዊልያም ኢንጅም የዩጀኒክስ ደጋፊ ነበር። መገለጡን በእጅ መያዝ ብቻውን አላዳነውም፤ መገለጡ ሊገዛን ይገባል። መድረክ ላይ ቆመን ስለማናውቀው ሥነ ሕይወት በእግዚአብሔር ቃል ሥልጣን ስንናገርም የሃክስሊን ስሕተት በግልባጩ እንደግማለን።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ስለ እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ሲጠይቁን «አታንብቡ» ብለን አንመልሳቸው። ይልቅስ በየገጹ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ እናስተምራቸው፦ ይህ የተመረመረ ነገር ነው ወይስ የታመነ? በዚህ እምነት መሠረት ደካማው ሰው ስፍራው የት ነው?