ሸክላ የሚቀዳ እጅ

አንድ በደቂቃ ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ አራት ደቂቃ ሲዘፍን 180 ጊዜ ይዞራል። ያ ዙር ሁሉ ተፈትቶ ቢዘረጋ ወደ 80 ሜትር የሚጠጋ አንድ ፈር ይሆናል፤ ወርዱ ግን የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የሳክስፎኑ ጩኸት፣ የቤዙ ጉርምርምታ የተቀረጸው በዚህ ፈር ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ነው። ይህን ሳያጎድሉ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ማጫወቻው በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛል፣ መርፌው ይወርዳል፣ ሸክላው ይዘፍናል። በጥንቃቄ የተቀዳውንና በዘፈቀደ የተቀዳውን አከታትሎ ያደመጠ ሰው ግን የእጁን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል።

ይህ እጅ እኛን በጣም ያስፈልገናል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ የዘፋኙን የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። በዚያው በ1975 የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ አሳታሚ በኩል ወጣ። ከዚያ ካሴት ገባና ሸክላ ቀረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ዘፈን ለዓለም አሰማ። በዚያ ያልተካተተውን ሸክላ የሚያድነው ግን ባለቤቱና የሚቀዳለት ሰው ነው።

በዋግ፣ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ከአባቱ የቀረ ሸክላ ያለው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከአቧራ ነው። በዋግ ደጋ በበጋ አየሩ ሲደርቅ፣ ከልባሱ ተስቦ የወጣ ሸክላ ኤሌክትሪክ ያፈራና በዙሪያው ያለውን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አሸዋው ፈሩን ይቧጭረዋልና። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የተጣራ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ፈሩን ተከትሎ፣ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ያጥባል። መሐል ያለውን ወረቀት አያርሰውም፤ የዘፋኙ ስምና የሸክላው ቁጥር ያለው እዚያ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከአንድ ምዕት ዓመት በፊት ጀርመን አገር እንደዘፈነባቸው ያሉት ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ሲያጋጥሙት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨምራል፤ አልኮል ያበላሻቸዋል፣ ፈራቸውም ሰፊ ስለሆነ የራሳቸውን መርፌ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የመርፌው ክብደት ይስተካከላል። ከመጠን በላይ የከበደ መርፌ ፈሩን ይበላል፤ ከመጠን በላይ የቀለለም ይዘላል፣ በየዝላዩም ግድግዳውን ይጎዳል። ለብዙ መርፌ ከሁለት እስከ ሦስት ግራም በቂ ነው። ከዚያ የድምፁ መጠን ይመጣል። ጎበዝ ቀጂ የዘፈኑን ኃይለኛ ቦታ አስቀድሞ ፈልጎ ያደምጥና ከላይኛው ጣሪያ ስድስት ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ ይተወዋል፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ በምንም አይመለስም። የሸክላውንም መጨረሻ ለይቶ ይሰማል። ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ዙሩ ስለሚያጥር፣ በዚያው አንድ ሴኮንድ ውስጥ ከመርፌው ሥር የሚያልፈው ፈር ያንሳል፤ የዘፈኑ ማብቂያ የሚደፈርሰውም ለዚህ ነው።

የሥራው ውበት ይበልጥ የሚታየው ጭረት ሲነሳ ነው። ሸክላው በሞኖ የተቀረጸ ከሆነ ዘፈኑ ያለው መርፌው ወደ ጎን በሚወዛወዝበት ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረው ቆሻሻና ጉዳት ነው። የማጫወቻውን የግራና የቀኝ ቻናሎች አንድ ላይ ሲደምሯቸው ይህ የላይና የታች ንጥረት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘፈኑ ግን ሳይነካ ይቀራል። አንዲት ስሌት ብቻ ናት፣ ግን ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ፈሩን አቋርጦ የሄደ ጭረት ደግሞ በባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ በየ1.33 ሴኮንዱ ይመለሳል። ኦዳሲቲን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም በድምፁ ምስል ላይ ቆሞ የሚታየውን ሹል ነጥብ አንድ በአንድ እያጎሉ፣ ከግራና ከቀኙ ባለው ድምፅ መሠረት ይጠግኑታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጠርጎ የሚጨርስ ማጣሪያም አለ። ግን ማጣሪያ ማሲንቆ አያውቅም። የጭራው ሻካራ ፍትጊያ ለእሱ የሸክላ ሹክሹክታ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ስትመታ የጣቷ የመጀመሪያ ንክኪ፣ የእጅ ጭብጨባ፣ የእልልታ ጫፍ፣ ሁሉም ድንገት የሚነሳ ሹል ድምፅ ነው፤ ማጣሪያውም ጭረት ብሎ ይበላዋል። የተረፈው ዘፈን ንጹሕና ሕይወት የሌለው ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ የማደንቀው ማጣሪያውን በእጁ ይዞ የሚያቆምበትን የሚያውቀውን ቀጂ ነው። ትንሽ ሹክሹክታ ይተዋል፣ የክራሩን ንክኪ ያተርፋል።

ይህን መለየት ያደገበትን ዜማ የሚያውቅ ጆሮ ይጠይቃል። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ ሲጫወቱ ከበሮውና ጭብጨባው እንዴት እንደሚገጥሙ የሰማ ሰው፣ ከካሴትም ይሁን ከሸክላ ሲቀዳ ጭብጨባ አይሰርዝም። በኽምጣኛ ቋንቋ የሚዘፈነውንም የቃል ጫፍ ጫጫታ ብሎ አይጥለውም።

ጎበዝ ቀጂ የጠገነውን ካደመጠ በኋላም ያልተነካካውን ቅጂ አያጠፋም። በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ተቀድቶ አራት ደቂቃ 140 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለአንድ ዘፈን ይህ ብዙ አይደለም። ነገ የተሻለ ጆሮና የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ሥራው ከዚያ ይጀመራል። ቅጂውም ከአንድ ቤት በላይ መኖር አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ተፈናቅሎ ሰቆጣ የገባ ቤተሰብ ልጁን እንጂ ሳጥኑን መሸከም አልቻለም።

ማጫወቻውና ኮምፒውተሩ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ጭብጨባን ከጭረት የሚለየው ጆሮ ግን እዚያው ዋግ ውስጥ አለ፤ ሥራው ሊሰጠውና በክብር ሊከፈለው ይገባል።