የእስፓኝ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፤ ስሙና ሥራው

እስፓኝ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት ንጉሡ ርእሰ ብሔር ቢሆንም፥ አገሪቱን የሚያስተዳድረው ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ኃላፊ የሆነው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። አገሪቱም በ17 ራስ ገዝ ክፍሎች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት አለው። ይህን አሠራር እናደንቃለን።

ነቀፌታችን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ላይ ነው። አንቀጽ 69 የግዛቶች መወከያ ይለዋል። ነገር ግን የሚበዙትን አባሎች የሚመርጠው የየአውራጃው ሕዝብ ነው፤ የራስ ገዞቹ ምክር ቤቶች የሚልኩት ለየክፍሉ 1፥ በተጨማሪም ለየሚሊዮኑ ነዋሪ 1 ብቻ ነው። ይህ ቤት አንድን ሕግ ቢቃወም፥ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በጠቅላላ አባሎቹ አብላጫ ድምፅ ወዲያው፥ ወይም ከ2 ወር በኋላ በተራ ብልጫ ተቃውሞውን ይሽራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ግን በአንቀጽ 155 መሠረት የካታሎኒያ መሪዎች ከሥልጣን እንዲወርዱ የፈቀደ ይኸው ቤት ነበር። እንግዲህ ክፍሎች ሲናገሩበት ደካማ፥ ሲቀጡበት ብርቱ ሆኖ እናገኘዋለን።

የአገር አንድነት እንዲህ ይጠበቃል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንድነት የሚጸናው ክፍሎቹ በማዕከሉም አብረው ሲመክሩ ነው እንላለን። አባሎቹን ሁሉ የራስ ገዞቹ ምክር ቤቶች ቢልኳቸው ስምና ሥራ በተስማሙ ነበር።